ታጥቦ የወረደው ማሾ

ከቀወት ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈር ሰው ባገኘኝ ቁጥር «እንዴት ነበር አገሩ?» ይለኛል። እኔም «ደህና ነው» ብዬ አልፋለሁ፤ መንገድ ላይ ቆሞ መተረክ አልሆነልኝም። ሲጽፉት ግን ይቀላል። ስለዚህ ለጠየቁኝም፣ ጣርማ በርን ተሻግረው ወደ ይፋት ቆላ ለመውረድ አጋጣሚ ለማያገኙትም፣ የሄድንበትን ነገር ከመነሻው እስከ መመለሻው ቀን በቀን አስቀምጬዋለሁ።

አስቀድሜ ማን እንደላከኝ ልናገር። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሰፈራችን የሴቶች እድር አለ። ድሮ ሥራችን ድንኳን መትከልና ለለቀስተኛ ንፍሮ መቀቀል ነበር። አሁን የበጎ አድራጎት ማኅበር ተብለን ተመዝግበናል፤ ማኅተምም አለን። እኔ ልጅ ሳለሁ ድርቅ ወይም ጎርፍ ሲመጣ ሰው የሚጠብቀው መንግሥትን ነበር፤ አለዚያም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስንዴ። ዛሬ አንድ ወንዝ ሞልቶ ወጣ ከተባለ ነጋዴው፣ ወጣቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ጀመዓ፣ በመኪናው በር ላይ ምልክት የለጠፈው ድርጅት ሁሉ ይነሳል። እኛም የንፍሮ ድስታችንን አስቀምጠን ተነሳን።

የተነሳንበት ምክንያት በሐምሌ የወረደው ጎርፍ ነው። ቀወት ውስጥ ወንዝ ዳር ያሉ መንደሮችን ማሽላ ጠርጎ ወሰደው። እዚያ የሚሠራ የአንድ እርዳታ ድርጅት ባለሙያ በስብሰባችን ላይ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ዘሀራ ከምትባል፣ ባሏ ከሞተባት ገበሬ ጋር አነጋገረን። ሴትዮዋ ለቅሶ አላበዛችም። «አንድ በሬ አለኝ፣ ቦራ ይባላል» አለች። «ማሽላው ሄደ። ማሾ ግን ዝናቡ ሳይወጣ ከተዘራ ቶሎ ይደርሳል። ዘር ካገኘሁ አለሁ። እስከ መጪው ቅዳሜ መሬት ካልገባ ግን ቦራን ገበያ አወጣዋለሁ፤ ልጆቼን የማበላው ሌላ ነገር የለኝም።»

በሬ የሸጠ ገበሬ በሚመጣው ዓመት ገበሬ አይደለም። ይህን ለማወቅ ቆላ መወለድ አያስፈልግም።

ማሾ እንደ ምስር ደቀቅ ያለ፣ አረንጓዴ ጥራጥሬ ነው። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ከጎርፉ በኋላ ዘር ጠፍቶ ነበር። እኛ ግን እዚያው ቆላ የበቀለ፣ ነጋዴ ገዝቶ ወደ ደብረ ብርሃን ያወጣው ማሾ ከአንድ መጋዘን አገኘን። ገዝተን መልሰን ልናወርደው ነው ማለት ነው። ማጓጓዣውን ድርጅቱ ቻለ። ከመጫኑ በፊት እንየው ብለን ጆንያዎቹን ብንፈታ አቧራው አፍንጫ ይሰነፍጣል። የማኅበራችን ሊቀ መንበር እትዬ በላይነሽ «ለተቸገረ ሰው ቆሻሻ ነገር አይሰጥም፤ ነውር ነው» አለች። ማንም አልተቃወማትም፤ እኔም ጭምር። ተሰብስበን ለቀምነው፣ አጠብነው፣ የነሐሴ ሰማይ ፀሐይ ስለነፈገን በእድሩ አዳራሽ ወለል ላይ አስጥተን በእጃችን እያገላበጥን አደረቅነው። ስንጨርስ እንደ ዶቃ ያበራ ነበር። በጣም ደስ አለን።

ማክሰኞ

ጭነቱን እንዳስረክብ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ቤተ መጻሕፍት የምሠራ፣ ፊደል የቆጠርኩትም በማታ ትምህርት ልጅ አዝዬ ስለሆነ፣ «አስካለ ነገር አይስታትም» ይሉኛል። ማልደን ስንነሳ ብርዱ እንደ ልማዱ ነበር። ሹራብ ለብሻለሁ፣ በላዩ ጋቢ ደርቤያለሁ፣ ቆዳ ጫማ አድርጌያለሁ። የድርጅቱ ሹፌር ደምሰው፣ ሸዋ ሮቢት ተወልዶ ያደገ ቀልደኛ ሰው፣ ከላይ እስከ ታች አየኝና፦

«እትዬ አስካለ፣ ይህን ሁሉ ለብሰው ቆላ ከገቡ ከማሾው በፊት እርስዎን ነው አውርደን የምናሰጣው» አለኝ።

ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ አያሳይም። መንገዱ ተራራውን ሰንጥቆ ከሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቶ ነበርና ረጅም ሰዓት ቆምን። በላስቲክ ተጠቅልላ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ወደ መስኮታችን መጣችና ምን እንደጫንን ጠየቀችን። ደምሰው «ዘር ነው፤ ጎርፍ ለወሰደባቸው» አላት። ጣሳዋን ሞልታ እጄ ላይ ገለበጠችው። ልከፍላት ቦርሳዬን ስፈልግ ጥላኝ ወደ ኋለኛው መኪና ሄደች። «ዘር ለሚያወርድ ሰው ቆሎ አልሸጥም» አለች፤ ዘወርም አላለችም።

ዋሻውን እንዳለፍን ቁልቁለቱ ይጀምራል። ጆሮዬ ተደፈነ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተደፈነ። ደብረ ሲና ላይ ጋቢዬን አወለቅኩ፣ ከዚያ ዝቅ ስንል ሹራቤን። ሸዋ ሮቢት ስንገባ የቀረኝ ቀሚሴ ብቻ ነበር። በአንድ ቀን ውስጥ ከውርጭ አገር ወደ ፓፓያና ባጃጅ አገር መውረድ ለእኔ እንግዳ ነገር ነው። እኛ ጋ ሰው በር ዘግቶ ይቀመጣል፤ እዚህ ሁሉም ወንበሩን ይዞ ውጭ ነው።

ያረፍንበት ማረፊያ ባለቤት የአጣዬ ሰው ናት። ከተማው በተቃጠለ ጊዜ ቤቷን አጥታ ወደዚህ የመጣች። ሙቀቱ እንደከበደኝ አይታ የእግር መንከሪያ ውሃ በሳፋ አመጣችልኝ። አልጋዬ ላይ አጎበሩን ራሷ ዘረጋችልኝ። ጾመኛ መሆኔን ስነግራት በቲማቲምና በቃሪያ የተሠራ ፍትፍት አቀረበች። ስለ ጉዟችን ስትሰማ «እኔም ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለን ሳለን አንዲት ሴት ብርድ ልብስ አልብሳኝ ነበር» አለች። «ከየትኛው ድርጅት እንደሆነች አላውቅም፤ ስሟንም አልጠየቅኩ። ለሷ መመለስ ስላልቻልኩ ለመጣው ሁሉ ውሃ አቀርባለሁ።»

ጆንያዎቹ ግን መኪናው ላይ፣ ከሸራ በታች፣ በዚያ ሙቀት አደሩ። ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

ረቡዕ

ከከተማው ወጥተን የጭቃውን መንገድ ይዘን ወንዙ ዳር ደረስን። ከዚያ ወዲያ መኪና አይሄድም፤ ድልድዩን ጎርፉ ወስዶታል። የመንደሩ ሰዎች እስኪሻገሩልን ደምሰው ጭነቱን ሊያስተካክል ወጣ። ወዲያው ድምፁ ተለወጠ።

«እትዬ አስካለ፣ ይምጡማ። እጅዎን እዚህ ያስገቡ።»

አስገባሁ። ጆንያው ከውስጥ ይሞቃል፤ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ገላ። ፈታነው። ያ እንደ ዶቃ ያበራ የነበረ ማሾ አብጧል፤ ከየፍሬው ጫፍ ላይ ነጭ ነገር እንደ መርፌ አፍ ብቅ ብሏል። ሁለተኛውን ጆንያ ፈታን፤ ያው ነው። ሦስተኛውን አልፈታሁትም። ላዩ ደርቆ ልቡ እርጥብ የነበረ እህል ጭነን ቆላ አውርደነዋል።

የድርጅቱ ባለሙያ ጋ ደወልኩ። ትሑት ሰው ነው፤ አልተቆጣም። ግን በግልጽ ነገረኝ፦ የበቀለ ዘር በድርጅቱ ስም ለገበሬ አይታደልም፤ ደንብ ነው። ጭነቱን ይዛችሁ ተመለሱ፣ እኔ ሌላ ዘር አፈላልጋለሁ አለ።

«መቼ ይገኛል?»

«እሱን አላውቅም።»

«ቅዳሜ ዘሀራ በሬዋን ልትሸጥ ነው።»

ቀጥዬ «መኪናው የእናንተ ነው፣ ዘሩ ግን የእኛ ነው» አልኩት። «እንደ ድርጅቱ ሰው ሳይሆን እንደሚያውቅ ሰው ንገረኝ። ቢዘራ ይበቅላል?»

«ሥሩ ሳይረዝም እርጥብ መሬት ካገኘ ይበቅላል። ከደረቀ ይሞታል። ከረዘመም በእጅ ሲነካ ይሰበራል። ዛሬ ነገ ካላላችሁ ነው። እኔ ግን ዋስ አልሆንም።»

«ዋስ አልጠየቅኩህም» ብዬ ዘጋሁ። እንዲያ ብዬ ለሰው መልሼ አላውቅም።

ይህን ጊዜ ሰዎቹ ከወዲያ ማዶ ሁለት ግመሎች እየነዱ ወንዙን ተሻገሩ። ፊት ፊት የሚሄዱት ሼህ ይመር ናቸው፤ የመንደሩ ቅሬ መሪ። ቅሬ የሚሉት እኛ እድር የምንለውን ነው፤ በዚያ መንደር እስላሙም ክርስቲያኑም ያለበት አንድ ቅሬ ነው። ከሳቸው ኋላ ቀጠን ያለች፣ ሻርፗን በወገቧ ያሰረች ሴት መጣች። ድምፅዋን ገና ስትናገር ለየሁት፤ ዘሀራ ናት።

ሼህ ይመር ከፍሬው ቆንጠር አድርገው መዳፋቸው ላይ አዩት።

«ማነው ያጠበው?»

«እኛ ነን» አልኩ።

«ለምን?»

«ንጹሕ እንዲሆን ብለን ነው።»

ሽማግሌው ፍሬውን በጣታቸው አገላበጡት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ እየሳቁ ነው። «አጂብ ነው! እኛ አገር የሚታጠበው ሬሳ ነው እንጂ ዘር አይደለም» አሉ።

ዘሀራ ግን አልሳቀችም። እጇን ጆንያው ውስጥ አስገብታ ቆየች። በሬዋን እያሰበች እንደሆነ ገብቶኛል። በመጨረሻ እጇን አውጥታ ጠረገችና «ተዉ እንግዲህ ሼሁ፤ ለፍተው ነው» አለች። «ጫኑት፤ ፀሐይ እንዳይመታው።»

ደምሰው መኪናውን ቆልፎ አብሮን መጣ፤ ግመሎቹም ጆንያዎቹን አሻገሩ። እኔንም ግመል ላይ ሊያወጡኝ ነበር፤ እኔ ግን ለበግ እንጂ ለግመል አልተፈጠርኩም። የዘሀራን እጅ ይዤ በእግሬ ገባሁ። መሐል ላይ ጭቃው አንድ ጫማዬን ጎትቶ አስቀረው፤ ወንዙም ይዞት ሄደ። ማዶ እንደወጣን ዘሀራ ሳታማክረኝ ኮንጎ ጫማዋን አውልቃ እግሬ ስር አደረገችው። «እኔ መሬቱን አውቀዋለሁ፤ አንቺን እሾህ ይወጋሻል።» እስክመለስ ድረስ በሷ ላስቲክ ጫማ ሄድኩ።

ቤቷ ስንደርስ ያየሁት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ዘሀራ ድርጅቶችን በስም አታውቃቸውም፤ በሰጡት ነገር ነው የምትጠራቸው። ውሃ መቅጃውን እያሳየች «ይሄ የባልዲው ድርጅት ነው» ትላለች። ጣሪያዋን የሸፈነው ሰማያዊ ሸራ «የሸራዎቹ» ነው። «የክኒኖቹ» ከጎርፉ በኋላ ልጆቹን ያከሙት ናቸው። «እናንተ ደግሞ የማሾ ሴቶች ናችሁ» አለችኝ። ስለ እነዚህ ድርጅቶች ከተማ ውስጥ ሁለት ዓይነት ወሬ እሰማለሁ፤ አንዱ በደሃ ስም ይበላሉ ይላል፣ ሌላው ያለ እነሱ አገር የለም ይላል። በዘሀራ ግቢ ውስጥ ግን ሁለቱም ወሬ ቦታ አልነበረውም። ባልዲው ባልዲ ነው፣ ሸራውም ሸራ ነው፤ የሰጠው ተመስግኗል፣ የተሰጠውም በሥራ ላይ ነው።

ዘሩን ለማቀዝቀዝ ቤት ውስጥ፣ በጥላ፣ ሳሳ አድርጎ መዘርጋት ያስፈልግ ነበር። የሚዘረጋበት ሰፊ ነገር ግን የለም። ዘሀራ ወደ ጣሪያዋ ቀና ብላ አየች። ወዲያው ጎረቤቶቿን ጠርታ ሸራውን አስወረደችው፤ ማሾው እሱ ላይ ተዘርግቶ እርጥብ ጆንያ ለበሰ። «ዝናብ ቢመጣስ?» ብላት «ዝናብማ ይምጣ እንጂ፤ ለሱ አይደል የምንለምነው» አለች።

ከሰዓት በኋላ የቅሬው ሰዎች ግቢዋ ውስጥ ተሰበሰቡ። የጋሽ ጌታነህን ነገር እዚህ ላይ ማወቅ ያስፈልጋል። ጋሽ ጌታነህ የዘሀራ ጎረቤት፣ ክርስቲያን ገበሬ ናቸው፤ እሳቸውም አንድ በሬ ብቻ ነው ያላቸው። የሳቸው በሬና ቦራ ይቀናጃሉ፤ በአንድ ቀንበር ተጠምደው የሁለቱንም ቤት መሬት ያርሳሉ። ቦራ ተሸጠ ማለት የጋሽ ጌታነህም በሬ ያለ ጓደኛ ቀረ ማለት ነው።

«ዘሩ ነገና ከነገ ወዲያ ካልገባ አይሆንም» አሉ ሼህ ይመር።

ጋሽ ጌታነህ ራሳቸውን አከኩ። «ነገ ሥላሴ ነው።» የአጥቢያቸው ታቦት ሥላሴ ነው፤ በወሩም በዓመቱም በዕለቱ ሞፈር አይነሳም። «የኛ ድርሻ ይቅር። እናንተ ዝሩ።»

«የምን ይቅር ነው?» አሉ ሼህ ይመር። «እናንተ በዓላችሁን አክብሩ፣ እኛ እናርሳለን። በሬዎቻችሁን ብቻ ስጡን።»

ከኋላ አንዱ ወጣ ብሎ «በሬውስ በዓል የለበትም?» ቢል፣ ጋሽ ጌታነህ ቀና አሉና፦

«ክርስትና የተነሳሁት እኔ ነኝ፤ በሬዬ አብሮኝ አልተነሳም» አሉ።

ግቢው በሳቅ ሞላ። ነገሩም በዚያው አለቀ። ሼህ ይመር አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ፤ የሰው በሬ ይዘን የራሳችንን አናስቀድምም፣ ነገ የክርስቲያኖቹ ማሳ ይጀመራል፣ የእኛ አርብ ይሆናል አሉ።

እኔ ወዲያው ማስላት ጀመርኩ። አርብ የሚዘራው ሥሩ የረዘመው ዘር ነው፤ ያውም የዘሀራ ማሳ ነው። ለብቻዋ ጠርቼ ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች።

«ገብቶኛል። ግን ቦራ ነገ የጌታነህን መሬት ያርሳል። መጀመሪያ ተዘራ፣ መጨረሻ ተዘራ፣ ቀንበሩ አንድ ነው።»

ምሳዬን ያበላችኝ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ፍልሰታ እንደምጾም ሳልነግራት ነው ያወቀችው። ድስቷ ቅቤና ሥጋ የተሠራበት ስለሆነ ከጋሽ ጌታነህ ሚስት ድስትና ሰሃን ተውሳ ሽሮ ሠርታልኝ ነበር፤ ከማሽላ እንጀራ ጋር። ሰሃኑን ስታቀርብ «የክርስቲያን ድስት ነው፣ ሳትጠራጠሪ ብይ» አለች። አልጠየቅኳትም ነበር። ዘሯን አበላሽተንባት ለእኔ ጾም ድስት ፍለጋ ሄዳለች።

ሐሙስ

ጠዋት ሥላሴ ሄጄ አስቀደስኩ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ማሳው ላይ የሰው ብዛት ሰርግ ይመስል ነበር። የእስላሞቹ ወንዶች የክርስቲያኖቹን በሬዎች ከራሳቸው ጋር ጠምደው ያርሳሉ፤ ሴቶቹ ከሞፈሩ ኋላ ሆነው ዘሩን በትልሙ ውስጥ ያኖራሉ። ማሾ በሌላ ጊዜ ተበትኖ ነው የሚዘራው። ይሄኛው ግን ሥር ስላወጣ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው በጣታቸው እያኖሩ፣ በእግራቸው አፈር እያለበሱ ያልፉ ነበር።

እኔና ጋሽ ጌታነህ ከማሳቸው ዳር ግራር ስር ተቀምጠን እናያለን። ሰውየው የበዓል ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ መቀመጡ ግን አልሆነላቸውም። በሰው እጅ የሚታረስ የራስ መሬት ማየት ቀላል አይደለም።

«ኧረ ትልሙን ጠበብ አድርገው!» ይጮኻሉ።

ሼህ ይመር ከሞፈሩ ኋላ ሆነው መለሱላቸው፦ «ጌታነህ፣ በዓል አይደለም እንዴ? አፍህም ያክብር እንጂ!»

ጋሽ ጌታነህ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ተነሱ። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ዋሉ።

ቦራን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ጥቁር ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ረጋ ያለ በሬ ነው። ወደ ትልሙ ጫፍ ሲደርስ ማንም ሳያዝዘው ይዞራል። ዘሀራ በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር ጎኑን በመዳፏ ዳበስ ታደርገዋለች፤ ዓይኗን ከዘሩ ሳታነሳ።

ማታ ላይ የቀረውን ዘር ገልጠን አየነው። የነጩ ሥር ርዝመት ከጠዋቱ እጥፍ ሆኗል። ዘሀራ ጆንያውን ውሃ ውስጥ ነክራ መልሳ አለበሰችው።

አርብ

ስንነሳ ዝናብ ነው። ደብረ ብርሃን ቢሆን «ኤጭ» ብለን ብርድ ልብሳችንን እንስብ ነበር። እዚህ ግን ሰዉ ሁሉ እጁን አጣምሮ ሰማይ እያየ ይጠብቃል፤ ዝናቡ መሬቱን ያረጥባል፣ ማረሻውን ግን ይከለክላል። ሸራው በወረደበት ጣሪያ ውሃው ይወርዳል። ዘሀራ ባልዲውን ከሥሩ አኖረች፤ ልጆቿ ደረቁ ጥግ ላይ ተጠጋግተው ቁጭ ብለዋል። እኔ ማሾው አጠገብ ሆኜ ከቤቴ ይዤው የመጣሁትን መጽሐፍ አንድ ገጽ እንኳ አላነበብኩም።

ዝናቡ ያባራው ልክ ለጁምአ በሚጠሩበት ሰዓት ነው። ሼህ ይመር ወደ መስጊድ እየሄዱ ከግቢው በር ላይ ቆሙ። የሚሉትን ከማለታቸው በፊት ጋሽ ጌታነህ ቀንበር ተሸክመው ደረሱ፤ ሌሎቹ የክርስቲያን ገበሬዎችም ከኋላቸው።

«ሂዱ ስገዱ» አሉ ጋሽ ጌታነህ። «ትናንት እናንተ፣ ዛሬ እኛ።»

ቦራና ጓደኛው ተጠመዱ። ደምሰውም ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። ዘሀራ ዘሩን በሰፌድ ይዛ ትልሙ ውስጥ ስትገባ እኔም ኮንጎ ጫማዬን አድርጌ ተከተልኳት። አስተማረችኝ፤ ሥሩን ወደ ታች፣ በሁለት ጣት፣ ሳትጫኚ። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂቶቹን ሰበርኩ። ነገር አይስታትም የምባለዋ ሴት በአንዲት ፍሬ ማሾ ተሸነፍኩ። ዘሀራ አየችና «እንደ መጽሐፍሽ ገጽ አድርገሽ ያዢው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እጄ ረጋ።

ማሳው ሊያልቅ ሲል ወንዶቹ ከመስጊድ ተመለሱ። ሼህ ይመር ዳሩ ላይ ቆመው በእርጋታ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«ጌታነህ» አሉ፣ «ለማሾው ዱአ አድርገናል። ለትልምህ ግን ዱአም አያቀናውም።»

ጋሽ ጌታነህ የትናንቱ ብድር እንደተመለሰላቸው ገባቸው፤ ሳቁና የመጨረሻውን ትልም ዘጉ።

ቅዳሜ

የገበያው ቀን ደረሰ። ስንሰናበት ዘሀራን መጠየቅ ፈርቼ ቦራ የታሰረበትን አየሁ። እዚያው ነው፤ አገዳ ያኝካል። እሷ ዓይኔን ተከትላ «ዛሬ አላወጣውም» አለች። «እስኪበቅል ልየው። ካልበቀለ ገበያው የትም አይሄድም።» ጫማዋን ላወልቅ ስል ከለከለችኝ። ሸራዋ ጣሪያዋ ላይ ተመልሶ ነበር።

ሽቅቡን ስንወጣ ደብረ ሲና ላይ ሹራቤን፣ ጣርማ በር ላይ ጋቢዬን መልሼ ለበስኩ። በኮንጎ ጫማ ውርጭ አገር መግባቴን ያየ ሁሉ ሳቀብኝ። እትዬ በላይነሽ ወሬውን ስትሰማ ግን አልሳቀችም፤ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ለሴቶቹ ስለ በዓሉና ስለ ጁምአው ስነግራቸው ነው ትንፋሻቸው የተመለሰው።

በሚቀጥለው ሳምንት ባለሙያው ደወለልኝ። «ለሪፖርት አይደለም፤ ለራሴ ነው» አለ። በዚያ በኩል ሲያልፍ ማሳዎቹን ዞሮ አይቷል። የሐሙሱ ሞልቶ በቅሏል። የዘሀራው ሳሳ ብሏል፣ እዚህም እዚያም ክፍት አለው። «ግን በቅሏል?» አልኩት። «በቅሏል» አለኝ። ቦራንም አይቶታል፤ ከማሳው ዳር ታስሮ።

ኅዳር ላይ ደምሰው አንዲት ትንሽ ከረጢት አምጥቶ እድራችን ደጃፍ ላይ አኖረ። አዲስ ማሾ ነው፣ ከነአቧራው ከነጉዱ። ዘሀራ የላከችውን ቃል እንዳለ ነገረን፦

«ለማሾ ሴቶች በላቸው፦ ቦራ ደህና ነው፣ ለሚመጣው እርሻም ከጌታነህ በሬ ጋር ይጠመዳል። ይሄ ለወጥ ነው፤ አጥባችሁ ብሉት። የዘሩን ግን እኔ ጋ አስቀምጫለሁ፤ እሱን እንዳትነኩብኝ።»

እትዬ በላይነሽ ሳፋ አመጣች። ለቀምነው፣ ደህና አድርገንም አጠብነው።